ሁለት የመታ አይክድም

እውነት ነው። እንዲያው በአፍ የሚባል እውነት አይደለም፤ በመሐላ የታሰረ እውነት ነው። ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የያዝኩት ብዕር እባብ ሆኖ ይንደፈኝ፤ ከካምፓሱ በር ፊት ለፊት ያለችውን የፎቶ ቤቴን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎ ዓባይ ውስጥ ይጣለው። እንዲያውም ቀንሼ ነው የጻፍኩት። ሙሉውን ልጻፍ ብል የመጽሔቱ ወረቀት አይችለውም፤ የእናንተም ልብ አይችለውም። «ምስክርህ ማን ነው?» ለሚለኝ ጋሽ ዘሩ አሉለት። ካምፓሱ ከተከፈተ ጀምሮ በሩን የጠበቁ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቃል የተናገሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ሳያዩት በዚያ በር የገባም የወጣም የለም። ሂዱና ጠይቋቸው።

ካምፓሱ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ዳር ነው። መሐሉ ላይ አንድ ዋርካ አለ። ዋርካ ስላችሁ ታዲያ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ! ጥላው ጠዋት ቡሬ ላይ ያርፋል፣ ማታ ፍኖተ ሰላም ላይ። ከትልቁ ቅርንጫፍ የከባድ መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ የካምፓሱ ደወል እሱ ነው። በምረቃ ቀን ተማሪው ሁሉ ጥቁር ጋዋኑን ለብሶ ይሰለፍና ተራ በተራ በብረት አንድ ጊዜ ይመታዋል። አንድ ማለት «ጨረስኩ፣ ደህና ሰንብቱ» ነው። ለአንዲት ልጅ ቃል የገባ ግን ሁለት ይመታል። ሁለት ከተመታ ነገሩ በወላጅም በአስተማሪም ፊት አደባባይ ወጣ ማለት ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ይላካል። «ሁለት የመታ አይክድም» ይባላል። በዚያ ደወል የቆመ ትዳር ቢቆጠር ስድስት መቶ ይሞላል፤ የፈረሰ ግን አንድ የለም።

አቻምየለሽ ባዬ ይህን ሁሉ ከመስማቷ በፊት የሰማችው የጤፍ ክርክር ነበር። ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ነው፤ ጤፍ እንደ ጥንቱ በእጅ መበተኑ ቀርቶ በመስመር ይዘራ የተባለበት ክረምት። ካምፓሱም ጤፉ አይበተን ብሎ ተማሪዎቹን በየቀበሌው በተናቸው። ከብር ወንዝ ማዶ ላለችው ለቅልማ ጎጥ የደረሳት ወንዳወቅ የሚባል የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነው፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀረው፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ። ቁመቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቅልማ ውስጥ ጎንበስ ሳይል የገባበት በር የለም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጨምሮ።

እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ላይ በሁለት ነጥብ ተሰናክላ ከአባቷ ከአያ ባዬ ጋር እርሻውን ትገፋለች። ስለ መልኳ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ገበያ የወጣች ለት የቡሬ ነጋዴ ሚዛን ሁሉ ወደ ቆመችበት ያጋድላል።

«አያ ባዬ፣ በመስመር ሲዘራ ዘሩ ያንሳል፣ ምርቱ ይበዛል» አለ ወንዳወቅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ።

አያ ባዬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ይችን ብናኝ አንድ ባንድ ልተክላት ነው? እኔ ዘርቼ ስጨርስ አንተ ጡረታ ወጥተሃላ!»

ከቤቱ በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ወንዳወቅ መስመሩን በእንጨት እየጫረ ነበርና ሳያቆም ቀና አለ። አቻምየለሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች፤ ዐይኗ ግን አልተሸፈነም። ምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ የቆጠረ የለም፤ ጤፉ ግን ቆጥሮታል። በሦስተኛው ሳምንት ሲበቅል መስመሩ ሁሉ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ብቻ ጎብጦ ወደ ቤቱ በር ሄዷል።

«ይኸ መስመር ምን ሆኖ ነው ወደ ቤቴ የዞረው?» አሉ አያ ባዬ።

«መሬቱ ተዳፋት ሆኖ ነው፣ አያ ባዬ።»

«ሠላሳ ዓመት አርሸዋለሁ። ሜዳ ነው።»

በነሐሴ ወንዳወቅ የዝናብ መለኪያ አምጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ተከለ። ማለዳ ማለዳ ውኃውን አይታ ቁጥሩን እንድትጽፍ ለአቻምየለሽ ያሳያት ጀመር።

«ዐይንሽን ከውኃው ጋር እኩል አድርጊው። ከላይ ካየሽው አንድ ነገር፣ ከታች ካየሽው ሌላ ነገር ነው የሚነግርሽ።»

«እንዲህ ነው?»

«ትንሽ ዝቅ በይ።»

ዝቅ አለች፤ እሱም ዝቅ አለ። በመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ሆነው ፊታቸው በአንድ ስንዝር ተራራቀ።

«ዐሥራ አራት» አለች። «እርስዎስ ስንት ያያሉ?»

ቀና ስትል የሚያየው ውኃውን እንዳልነበረ ገባት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር የሚከፋት ለጤፉ ብላ እንዳልሆነ ለራሷ መደበቅ አቃታት።

*

ከክረምቱ በኋላ ወንዳወቅ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሥራው ግን አልተቋረጠም፤ የአያ ባዬ አፈር ኮምጣጣ ነው ስለተባለ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ከረጢት አፈር ለምርመራ ወደ ካምፓሱ ይላካል። የምታደርሰው አቻምየለሽ ነበረች። ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ስትወጣ ከረጢቱን ለጋሽ ዘሩ ታቀብላለች፤ የዝናቡ ወረቀት ከአፈሩ ጋር ውስጡ አለ። በወረቀቱ ፊት ቁጥር ነው። ከጀርባው ያለውን ግን ዝናብ አልጻፈውም።

በጋ ገባ። ዝናብ የለም፤ ወረቀቱ ግን ይመጣል። «ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ» ትላለች በፊቱ። ሲገለብጡት፣ «አንተም እንደ ዝናቡ ሆንክ። የጎበጠውን መስመር አባየ አጨዱት፤ ቃርሚያውን እኔ ለቀምኩት» ይላል። እርስዎ ቀርቶ አንተ ሆኗል። እሱም ባዶውን ከረጢት ሲመልስ መልሱን ያጥፍበታል። «አፈርሽ ኮምጣጣ ነው፣ ቃልሽ ግን ማር ነው» ብሎ የጻፈላትን እሷ ለሳምንት ስታነብበው ከርማ፣ ወረቀቱ በእጥፋቱ ተቆረጠ። ፈተና የደረሰ ጊዜ፣ «ዋርካው ሥር ብረቱን አንስቼ ክብደቱን ሞከርኩት፤ ሁለት ጊዜ ለማንሳት አይከብድም» ብሎ ላከላት። ያን ለት አቻምየለሽ ከገበያ ወደ ቤቷ የሄደችበትን መንገድ አታስታውስም።

ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ኖራ ቢደረግበት ይሽራል ተብሎ ለሙከራ አንድ ቃዳ መሬት ተፈለገ፤ ሩብ ሄክታር ማለት ነው። አያ ባዬ ሲጠየቁ «እሽ፣ እናየዋለን» ብለው ነበር። በእኛ አገር «እሽ፣ እናየዋለን» እሽም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ ባለመሬቱ ከመሬቱ ላይ ቆሞ ካልደገመው እንዳልተባለ ነው። አቻምየለሽ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ነገር ግን ያን ቅዳሜ ወንዳወቅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ችካል ተሸክሞ ሲመጣ አባቷ ማኅበር ሄደዋል፤ እሷ ደግሞ ወንዳወቅን በዐይኗ ካየችው ሁለት ወር አልፏታል።

«አያ ባዬ ተስማምተዋል?» አላት።

«አባየ እሽ ብለዋል» አለች።

ሠላሳ ሁለት ችካል ነበር፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ። ሜትሩን ዘረጋና ጫፉን ለእሷ ሰጣት። «ዜሮውን አጥብቀሽ ያዥልኝ።» ያዘች። እሱ እየራቀ ሲሄድ ሜትሩ ሲወጠር፣ በዚያኛው ጫፍ ያለው እጁ በጣቷ ላይ ይሰማት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ቅልማ ግን ችካል ካየች ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ እንዲሁ ጎረምሶች መጥተው፣ እንዲሁ ባለቤቱ በሌለበት፣ መሬት በገመድ ተለክቶ ነበር። አያ ባዬ ከለቅሶ ሲመለሱ ከስምንት ቃዳቸው አራቱ የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው። የገመዱን ጫፍ ይዞ የዞረው ደግሞ ባዕድ አልነበረም፤ በአንድ ጽዋ የጠጡ የማኅበር ጓደኛቸው ነው።

ስለዚህ ቀይ ጫፍ ችካል ያየ የመጀመሪያው ሰው «ሽግሽግ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ እስከ ገበዝ ማርያም ተሰማ። ሰባት ቀበሌ ነቅሎ ወጣ፤ ሦስት ሺህ ሰው፣ ሲያንስ ሲያንስ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ፤ ከዱላው ብዛት ሰማዩ አልታይ አለ። አያ ባዬ ግን ዱላም አልያዙ፤ ሕዝቡን ከፍለው መጡና ወደ ጎረምሶቹ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ልጃቸው ሄዱ።

«አቻምየለሽ።»

«አቤት፣ አባየ።»

«በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«ሜትር ነው፣ አባየ። ለኖራው ሙከራ…»

«ገመድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ ልጅ፣ በእኔ መሬት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ገመድ ያዘች።»

አቻምየለሽ ሜትሩን ልትለቅ ፈለገች፤ ጣቷ አልታዘዝ አላት። ወንዳወቅ በረጅም እግሩ እየተራመደ መጣ። «አያ ባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መሬቱን የሚወስድ የለም፤ ያስምሉኝ፣ ይመኑኝ…»

«አንተን የካምፓሱ ልጅ እያልኩ ስጠራ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባት የለህም? የማን ልጅ ነህ?»

ወንዳወቅ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ፣ «የሀይሉ ተገኝ» አለ።

አያ ባዬ ሳቁ። ያን ሳቅ የሰማ ሰው ልቅሶ ይሻለኛል ይላል። «ኧረግ! ያኔም ጫፉን የያዘው ሀይሉ ነበር። ለካ ደክሞት አላቆመም፤ ጫፉን ለልጁ አውርሶታል። ልጁ ደግሞ ለልጄ አስያዛት።»

አቻምየለሽ ወደ ወንዳወቅ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«አባቴ ሌላ ቀበሌ ጠይቅ፣ ቅልማ አትሂድ ብሎኝ ነበር…»

«አባቴን የጎዳው የአንተ አባት መሆኑን፣ ከእኔ ጋር ውኃውን ስታይ ታውቅ ነበር?»

ዐይኑን አላነሳም። መሬት ላይ የተዘረጋውን ሜትር ይጠቀልል ጀመር።

«ስማ» አሉ አያ ባዬ፣ እየሄዱ። «የሀይሉ ዘር ሽማግሌ ቢልክብኝ፣ ደጄ ላይ እንደቆሙ ይመሻል እንጂ ተቀመጡ አልላቸውም። እሷም በጥር ለቡሬው የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ትዳራለች።» አጎንብሰው ችካሉን በገዛ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር። ሠላሳ አንድ ነቀሉ። ሠላሳ ሁለተኛውን አቻምየለሽ በነጠላዋ ሥር ይዛው ገባች። ዜሮውን የጨበጠችባቸው ሁለቱ ጣቶቿ እስከ ማታ አልተፍታቱም።

*

ሦስት ሳምንት ሙሉ አያ ባዬ ልጃቸውን በስሟ አልጠሩም። «ውኃ አምጡ» ይላሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ። የዝናብ መለኪያውን ግን አልነቀሉትም፤ አልፈውት ሲሄዱ ፊታቸውን ብቻ ያዞራሉ። አቻምየለሽ ማለዳ ማለዳ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። በመስታወቱ ማዶ የሚታያት አጥሩ ነው።

እናቷ ባንቺአየሁ አንድ ጠዋት ከአጠገቧ መጥታ ቆመች።

«አባትሽን የሚያንገበግባቸው መዋሸትሽ አይደለም» አለች። «እሽ ብለዋል ብለሽ በእሳቸው አፍ መናገርሽ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እምየ።»

«ልጁስ? ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ልኳል?»

«ባዶ ከረጢት ልኳል።»

«ባዶ?»

«ባዶ።»

ባንቺአየሁ ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲያ አንቺ ጻፊለትና ይለይልሽ። ወንድ ልጅ ሲፈራ ዝም ይላል፤ ሲጠላም ዝም ይላል። ዝምታውን እያየሽ ለጥር አትድረሽ።»

አቻምየለሽም ጻፈች። ያን ደብዳቤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦

«ሰኔ ሃያ ሁለት። ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር። ዘንድሮ ከጻፍኩት ሁሉ ይኸ ይበልጣል። ወንዳወቅ፣ ስለ አባትህ አልጠይቅህም፤ አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ እኔም ልጅ ነበርኩ። በምረቃህ ቀን እመጣለሁ። አልገባም፤ ከበሩ ውጭ ነው የምቆመው። ሁለት ከመታህ እገባለሁ። አባየ ክፉ አይደሉም፣ ተጎድተው ነው። ቃል አደባባይ የወጣባትን ልጅ ለሌላ አይሰጡም፤ እምቢ ቢሉም፣ እያዘኑም ቢሆን ሽማግሌህን ያስቀምጣሉ። አንድ ከመታህ ደግሞ ጆሮ አለኝ፣ እሰማለሁ። ሳላይሽ እቀራለሁ ብለህ እንዳትፈራ፣ ከሠላሳ ሁለቱ የቀረችውን ችካል ይዣለሁ።»

ከአፈሩ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው፤ ለጋሽ ዘሩ ሰጠችው።

አሁን የሚመጣውን ስሰማ እኔ ራሴ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። የአፈር ምርመራ ምድጃ አለው፤ አፈሩ የሚደርቅበት። የላብራቶሪው ሠራተኛ ያን ለት ቸኩሎ ከረጢቱን እንዳለ፣ ሳይፈታው፣ ምድጃው ውስጥ ጣለው። ምድጃው አንድ ሺህ ዲግሪ ነው። ደብዳቤው ነደደ። ያን ያህል የሚያምር ፍቅር፣ ሠላሳ አንዱም ሚሊ ሜትር፣ ጭስ ሆኖ በመስኮት ወጣ። ወንዳወቅ ምንም አልሰማም። «ረስታኛለች፣ ንቃኛለች» ብሎ ሃያ አንድ ቀን ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሲያነባ፣ እንባው ያረጠበው ሥር ያለ ጊዜው ለመለመ። እሷ ቅልማ ሆና ቀን ትቆጥራለች፤ እሱ ካምፓስ ሆኖ ቀን ይጠላል። በሁለቱ መሐል ያለው የሁለት ሰዓት መንገድ እንደዚያ ሰሞን ርቆ አያውቅም።

*

የምረቃው ቀን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። አቻምየለሽ ችካሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ከቤት ስትወጣ እናቷ ከበሩ ላይ ነበረች።

«ሂጂ» አለቻት። «እኔ አላየሁሽም።»

የብር ወንዝ እስከ ደረት ሞልቶ ነበር፤ ዋኝታ ተሻገረችው። ጋሽ ዘሩ በር ላይ ስትደርስ ከቀሚሷ የሚወርደው ውኃ አንድ እንስራ ይሞላል። በሩ ከዋርካው ሩቅ ነው፤ መሐሉ ጃንጥላ ብቻ ነው፣ ጥቁር በጥቁር ላይ። ከጃንጥላው በላይ የሚታይ አንድ ራስ ቢኖር የወንዳወቅ ነው። ደወሉ ተራ በተራ ይመታል፤ አንድ ተመራቂ፣ አንድ ድምፅ፤ አንድ ተመራቂ፣ አንድ ድምፅ።

ተራው ደረሰ። ብረቱን አነሳ። መታ።

አንድ።

ዓለም ዝም አለ። ዝናቡ እንኳ በአየር ላይ ቆመ። ወንዳወቅ ብረቱን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል፣ ከበሩ ማዶ፣ ከጃንጥላው ባሕር በላይ፣ አንዲት ቀይ ጫፍ ከፍ ብላ አየ። ሠላሳ ሁለተኛዋ ችካል! ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ብረቱን በሁለት እጁ አንስቶ እንደ መብረቅ አሳረፈው።

ሁለት!

ድምፁ ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ለጠበል የሄዱ ምእመናን የየትኛው ታቦት ደወል ነው ብለው ተጠያየቁ። ቸርኬው ተሰነጠቀ። አቻምየለሽ ሮጣ ገባች፤ እሱ ሮጦ ወጣ፤ ሕዝቡ እንደ ባሕር ተከፈለላቸው።

«ረሳሽኝ ብዬ…»

«እኔ? እኔ ልርሳህ? የእያንዳንዱን ቀን ዝናብ በአንተ ስም የጻፍኩ!»

«ደብዳቤሽ አልደረሰኝም፣ ዓለሜ!»

«አሁንስ ደረስኩልህ?»

ይህን ስትል የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አያ ባዬ ናቸው! አርባ ፈረሰኛ አስከትለው፣ ልጃቸውን ሊመልሱ መጥተዋል። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ያን ጊዜ ከዋርካው ጀርባ አንድ ሽማግሌ በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ፤ አንገቱ ላይ ሦስት በሬ የማይጎትተው ድንጋይ ተሸክሟል። ሀይሉ ተገኝ ነው፤ ገመድ ያዡ።

«ባዬ፣ ወንድማለም» አለ፣ ግንባሩ ጭቃ እየነካ። «ያን ገመድ ይዤ ስዞር እጄ ነው እንጂ ልቤ አልዞረም። ዐሥራ ስድስት ዓመት በገመዱ የታነቅኩ እኔ ነኝ። ማረኝ፣ ካልማርከኝ ድንጋዩን ጨምርበት።»

አያ ባዬ ከፈረሳቸው ወረዱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት ጣሉት፤ መሬት ተንቀጠቀጠ። «ተነሳ» አሉት። «ከአንተ ጋር የተጣላሁት በአራት ቃዳ መሬት ነው። በልጄ ሕይወት ላይ ግን ችካል አልተክልም።» ወደ ልጃቸው ዞረው ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ በስሟ ጠሯት። «አቻምየለሽ! የያዝሽውን አጥብቀሽ ያዥ።» ከዚያ በሕዝቡ መሐል ወደቆሙት ሽማግሌዎች። «ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ!»

ያን ለት ከካምፓሱ ያላለቀሰ ሰው የለም።

*

ይህን ሁሉ ጽፌ ጨረስኩና፣ ሐሜተኛ እንዳይናገረኝ፣ ምስክርነታቸውን በፊርማ ይሰጡኝ ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሽ ዘሩ ተሻገርኩ። በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ ድንጋዩ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ብዕሩን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ወረቀቱ አልተቃጠለም» አሉ።

«የቱ ወረቀት?»

«የልጅቱ። ከከረጢቱ አውጥቼ ለብቻው ነበር የምሰጠው፤ ሁልጊዜ። አፈሩን ለላብራቶሪ፣ ወረቀቱን ለልጁ። ያንንም በእጁ ሰጥቸዋለሁ። እዚች ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው።»

«ከዚያስ?»

«አጥፎ ኪሱ ከተተው።»

ወረቀቴን አገላበጥኩ። «ፈረሶቹስ፣ ጋሽ ዘሩ? አያ ባዬስ?»

«ፈረስ አልመጣም።»

«ሀይሉስ? ድንጋዩ?»

«አባቱማ መጥቶ ነበር። ጃንጥላ ይዞ። አንተ አይደለህ እንዴ አባትና ልጁን ፎቶ ያነሳሃቸው?»

አስታወስኩት። በጃንጥላው ምክንያት ፊታቸው ጠቁሮ ወጥቶብኝ፣ ከዋጋው ቀንሼላቸዋለሁ።

ጋሽ ዘሩ ወደ ዋርካው እያዩ ነበር። «ግቢ ብያታለሁ» አሉ። «ዝናብ ነው ልጄ፣ ከእኔ ቤት ተጠለይ አልኳት። አልገባም አለች። ችካሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ልጁ ረጅም ነው፤ ተራው ሲደርስ ታየን። አንድ መታ። እንደ ሁሉም።»

እኔ እንደ ልማዴ ልጨምርበት ቃል ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

«ከዚያ ጃንጥላው ጋረደን። ቀጥሎ የነበረው ልጅ መታ። እሷ ግን የረጅሙ ልጅ ሁለተኛ ምት መሰላት። ነጠላዋን አስተካከለችና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።»

ብዕሬን ሳይፈርሙበት መለሱልኝ።

«ከዚያ ሦስተኛው ተመታ። አራተኛውም ተመታ። ቆማ ሰማች። ያችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።»